በእትዬ ጥሩነሽ በር ላይ የተለጠፈው ቃል

አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ «ውርጭ» የሚለውን ቃል ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች አስተምሮ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔን ይረዳኛል። ቃሉ መጽሐፉ ላይ አለ፤ ስለዚህ መተርጎም ነበረብኝ። ጠመኔዬን ይዤ ቆምኩና «ማለዳ ሣር ላይ የሚጋገር ስስ በረዶ ነው» አልኳቸው። ገና በጠዋቱ ላባቸው ደብተራቸው ላይ እየተንጠባጠበ አዩኝ። አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ነው?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ልጁ ትክክል ነበር፤ ቃሉን በሌላ ቃል ከመተርጎም በቀር ምንም አላሳየሁትም።

ያን ጊዜ ከከሚሴ ወደ አዋሽ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አማርኛ አስተምራለሁ። ባሕርዬን ካሁኑ ልንገራችሁ፤ ቶሎ እናደዳለሁ፣ ስናደድም ድምፄ ከአጥር ውጭ ይሰማል። ተማሪዎቼ «ቲቸር ሰዓዳ ዛሬ ሞተሯ ተነሥቷል» እየተባባሉ ይጠነቀቁኝ ነበር። ክፍሌ ውስጥ አፋር አለ፣ አርጎባ አለ፣ ኦሮሞ አለ፣ የወሎ ባለሱቆች ልጆች አሉ፣ ወላጆቻቸው ለጥጥ ለቀማ መልካ ወረር ወርደው በዚያው የቀሩ የደገኞች ልጆች አሉ። ለአንዳንዶቹ አማርኛ የተወለዱበት ቋንቋ ነው፤ ለሌሎቹ ግን ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚጀምር፣ ሲወጡ እዚያው የሚተዉት ነገር ነበር።

ከውርጩ በኋላ ዘዴዬን ቀየርኩ። ከየሱቁ የብስኩትና የሳሙና ካርቶን እየለመንኩ በመዳፍ ልክ ቆረጥኩ። ተማሪው በካርዱ አንድ ገጽ የነገሩን ሥዕል ይሥላል፤ ከሥዕሉ በላይ በእናቱ ቋንቋ ስሙን ይጽፋል። በጀርባው አማርኛውን ይጽፋል። አንድ ደንብ ደግሞ አወጣሁ፤ ሁሉም ልጅ የሁሉንም ካርድ እንዲያነብ የየትኛውም ቋንቋ ቃል በእኛው በግዕዝ ፊደል ይጻፍ አልኩ። የአፋር ልጆች ቋንቋቸውን መጻፍ የተማሩት በላቲን ፊደል ስለነበር መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ በኋላ ለመዱት። ክፍሉ ተለወጠ። አንድ ቃል እንዲናገር ስጠይቀው አንገቱን ይደፋ የነበረ ልጅ፣ የሣለውን ይዞ እስከ መምህራን ክፍል ድረስ ይከተለኝ ጀመር።

ከሁሉም የምትበልጠው አሲያ ነበረች። አፋምቦ አካባቢ ተወልዳ፣ ለትምህርት ብላ አዋሽ አጎቷ ዘንድ የመጣች ልጅ ናት። አማርኛዋ ገና አጭር ነው፤ እርሳስ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። አህያ ስትሥል አህያዋ የሰለቻት አህያ ናት። አጎቷ የከባድ መኪና ሹፌር በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ አሲያ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምትሄደው፣ የቤት ሥራዋን የምትሠራው፣ አንዳንድ ቀን ምሳዋንም የምትበላው እትዬ ጥሩነሽ ቤት ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ አውቶቡሶች ለምሳ በሚቆሙበት ቦታ ሳንቡሳ የምትሸጥ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። እሷም እንደ ብዙዎቹ ከደጋ የወረደችው ጥጥ ለመልቀም ነው። ስለ አገሯ ሲጠይቋት «ሩቅ ነው» ትልና ወደ ዘይቷ ትመለሳለች። የምትኖረው በረድፍ ከተሠሩ የኪራይ ክፍሎች በአንዷ፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም በተቀባው ክፍል ነበር። አጠገቧ ያለው ክፍል ውስጥ ግርማ የሚባል ጎሚስታ ከሚስቱ ከአልማዝና ገና ድክ ድክ ካላለው ልጃቸው ጋር ይኖራል። አልማዝ ገበያ ስትሄድ ሕፃኑን የምትይዘው እትዬ ጥሩነሽ ናት። ጎረቤትነታቸው የሚያስቀና ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ለተማሪዎቼ አዲስ የቤት ሥራ ሰጠሁ። «እስካሁን ነገሩን ወደ ካርዱ አመጣን፤ ዛሬ ካርዱን ወደ ነገሩ ውሰዱ። የሣላችሁትን ራሱ ነገሩ ላይ ለጥፉት፤ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያንብበው» አልኩ። ፕላስተር እየቆረጥኩ አደልኳቸው። በደስታ ተራግጠው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰው በማያስወጣበት ሰዓት በሬ ተደበደበ። አሲያ ናት። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ እየሮጠች ነው የመጣችው። ካርዷን እንደቀደዱባት፣ እትዬ ጥሩ ላይ እንደሚጮኹባት፣ ሰው እንደሞላ በተሰባበረ አማርኛ ነገረችኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት አላወቀችም። እኔ ደግሞ የልጅ ካርድ የቀደደው ማን እንደሆነ አይቼ ልኩን ልነግረው፣ ቀደም ሲል የሠሯቸውን የክፍሉን ካርዶች የያዘውን ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ፤ አፋችሁን ዘግታችሁ ይህን እዩ ብዬ ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ። ባጃጅ አስቁመን ገባን።

«ለመሆኑ ምን ሥለሽ ነው?» አልኳት።

«የእትዬ ጥሩን ቤት። በሯ ላይ ለጠፍኩት።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽበት?»

«ቡዳ» አለችኝ።

የባጃጁ ሹፌር ፍሬን ይዞ በመስታወቱ አየን። እኔ የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት።

«ቡዳ» አለች፤ እጆቿን እንደ ጣሪያ አጋጥማ አሳየችኝ። «በኛ ቋንቋ። ቤት ማለት ነው።»

በእሷ አፍ የመጨረሻው ድምፅ ወፈር ይላል፤ ምላሷን ወደ ላንቃዋ አጥፋ ነው የምታወጣው። ካርቶን ላይ ሲጻፍ ግን በእኛ ፊደል ያው «ዳ» ነው። ጀርባው ላይ በአማርኛ «ቤት» ተብሎ ተጽፏል፤ ጀርባው ደግሞ በፕላስተር ከበሩ ጋር ተጣብቋል። ሹፌሩን ፈጠን እንዲል፣ ስንደርስም እንዲጠብቀኝ ለመንኩት።

ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ የራሷ በር ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ተጎትቶ መሬት ላይ ወድቋል፤ ማንም አላነሣላትም። ከፊቷ ግርማ ቆሟል፤ እጆቹን የጎማ ጥቀርሻ አጥቁሯቸዋል። የተቀደደው ካርድ ግማሽ፣ ቃሉ ያለበት፣ በጡጫው ውስጥ ነው፤ አማርኛው ያለበት የጀርባው ወረቀት በፕላስተሩ ተልጦ ቀርቷል። አልማዝ ሕፃኑን ታቅፋ ግድግዳው ጥላ ሥር ቁጭ ብላለች። ከጠዋት ጀምሮ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ውሏል። አሁን ማልቀሱን ትቷል። ሕመሙ የተወው መስሏቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ጠጋ ብዬ አየሁት። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፣ ከንፈሩ እንደ ደረቀ ቅጠል ተኮማትሯል። ታናሽ ወንድሜን እንዲሁ ተቅማጥ ሲያደክመው አይቼ ስለማውቅ ፈራሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እንትፍ በይበት ብዬሻለሁ» አላት ግርማ። እስከ ትናንት እትዬ ጥሩ ይላት የነበረ ሰው ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ቡዳ በላው የተባለ ልጅ የሚድነው የበላው ሰው ሲተፋበት ነው ይባላል። እትዬ ጥሩነሽ ብትተፋ ልጁን የበላሁት እኔ ነኝ ብላ አመነች ማለት ነው። ባትተፋና ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ ገደለችው ማለት ነው። ከሁለቱም መውጫ የላትም።

በመጀመሪያ ያልኩት ልጁ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ ነው። ግርማ አልሰማኝም። አንዲት ጎረቤት፣ ቡዳ የበላው ልጅ መርፌ ከተወጋ እንደሚሞት፣ መጀመሪያ መተፋት እንዳለበት አስረዳችኝ፤ ደግነት ባለው ድምፅ ነው የነገረችኝ። አልማዝ ቀና ብላ አየችኝ። ልትሄድ እየፈለገች እንደፈራች ገባኝ።

ስለዚህ ቃሉን ማፍረስ ነበረብኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ይህ የኔ የቤት ሥራ መሆኑን፣ ልጅቷ በአፋርኛ ቤት ብላ መጻፏን ተናገርኩ። ጭራሽ ባሰባቸው። «የጻፈችው እኮ ከቤቷ የማትጠፋው ልጅ ናት፤ ያየችው ነገር ባይኖር አትጽፍም» አለ አንዱ። ሌላዋ ደግሞ አስተማሪ ስለሆንኩ ተማሪዬን ለማዳን የፈጠርኩት ነው አለች። አሲያ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተደብቃለች። ቃሏ ምን እንደሆነባቸው አሁንም አልገባትም።

«እሺ፣ አፋር ይጠየቅ» አልኩ።

ከግቢው ፊት ለፊት ያለው ሆቴል ጥበቃ አሊ ይባላል። አማርኛ እንደኛ የሚናገር ጎልማሳ አፋር ነው። ጠርተውት መጣ። ግርማ እኔ እንዳልናገር በእጁ ከለከለኝና ራሱ ጠየቀው።

«አሊ፣ እናንተ ቤትን ምን ትሉታላችሁ?»

«ዓሪ» አለ አሊ።

አሲያን ዞር ብዬ አየኋት፤ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አሊ የሰው ፊት ሲለዋወጥ አይቶ ምን ተፈጠረ አለ። ሲነግሩት ፈጥኖ እጁን አነሣና እንደየአካባቢው መሆኑን፣ ቡዳም ቤት እንደሆነ፣ እሱ ግን ዓሪ ማለት እንደሚቀናው ተናገረ። ማን ይስማው። ግርማ «አሁን ቲቸሯን አይተህ ነው» አለው። አሊ እውነቱን ነበር የተናገረው፤ ነገር ግን ዘግይቶ የመጣ እውነት ሆነና ውሸት መሰለ።

የዚያን ሰዓት የተሰማኝን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። እያንዳንዳቸውን አውቃለሁ፤ ሳንቡሳዋን በልተዋል፣ ልጆቻቸውን አስተምሬያለሁ። አንድ ላይ ሲቆሙ ግን የማላውቃቸው ሆኑብኝ። ከኋላ አንድ ሰው «ዕቃዋን አውጡት» ሲል ሰማሁ።

እትዬ ጥሩነሽ ተነሣች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ እኔ ብቻ እንድሰማት አድርጋ ተናገረች። አባቷ ብረት ቀጥቃጭ እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እዚያ አገሯ ይህንኑ ቃል ሲጠሯት አድጋለች። ትዳሯም የፈረሰው በዚሁ ነው። ማንም አባቷን ወደማያውቅበት ቆላ የወረደችው ከቃሉ ሸሽታ ነበር።

«እንትፍ ልበልበትና ልጁን ሐኪም ቤት ይውሰዱት» አለችኝ። «እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

«ከተፋሽ በኋላ እዚህ አገር መኖር አትችይም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ልጁ ግን እየሞተ ነው፣ ሰዓዳ። አታዪውም?»

ወደ ሕፃኑ መራመድ ስትጀምር ክንዷን ያዝኩ። ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም ነበር። አንድ ደቂቃ ባዘገየሁ ቁጥር የሕፃኑን እስትንፋስ እየቆጠርኩ ነበር። ያ ረቢ፣ አንድ ነገር አሳየኝ አልኩ በሆዴ።

በዚያ መሐል ማዲና ወተቷን ይዛ በበሩ ገባች።

ማዲና በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለግቢው ወተት የምታመጣ አፋር ሴት ናት። ከታችኛው አዋሽ፣ ከእነአሲያ አገር፣ የመጣች ይሁን ከየት አላውቅም ነበር። የማውቀው አማርኛዋ «ወተት»፣ «ነገ» እና «የለም» መሆኑን ነው። የተሰበሰበውን ሰው አየች፤ ሰርግ ይሁን ለቅሶ አልለየላትም መሰለኝ፣ ጀሪካኗን አስቀምጣ ጥግ ይዛ ቆመች። እሷን ሳያት ቦርሳዬ ውስጥ ያሉት ካርዶች ትዝ አሉኝ። የአፋሮቹን ለይቼ አወጣሁና ግርማ እጅ ላይ አስቀመጥኩ።

«እኔ ከዚህ በኋላ አልናገርም፤ አሲያም አትናገርም፤ አሊም ይውጣ» አልኩት። «ማንበብ ትችላለህ። ሥዕሉን አንተ ለማዲና አሳያት፣ ጽሑፉን ሸፍነው። የምትለውንና የተጻፈውን አንተው አስተያይ። በመጨረሻ ያንን የቀደድከውን አሳያት። ሌላ ነገር ካለች፣ ወላሂ እትዬ ጥሩነሽን እጇን ይዤ ልጅህ ላይ የማስተፋት እኔ ነኝ። የተጻፈውን ካለች ግን ልጁ ያለ ምንም ወሬ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።»

ይህን ስል እትዬ ጥሩነሽ አየችኝ። የራሷን ኑሮ አስይዤ ነበር የምወራረደው፤ ያውም ሳልጠይቃት። ከአሊ መልስ በኋላ ማዲናም «ዓሪ» ልትል እንደምትችል አውቅ ነበር።

ግርማ አልማዝን አየ። አልማዝ «አሳያት» አለችው፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃሏ ነው። የመጀመሪያውን ካርድ አወጣ፤ እሳት ነው። ጽሑፉን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ማዲና ፊት ዘረጋው። ማዲና ግራ ተጋብታ ሰውን ሁሉ አየች፤ ከዚያ እንደ ጨዋታ ወሰደችው።

«ጊራ» አለች።

ግርማ አውራ ጣቱን አንሥቶ አነበበ። ሁለተኛውን አወጣ፤ የአሲያ የሰለቻት አህያ ናት። ማዲና ሥዕሉን አይታ ሳቀች፤ «ዳናን» አለች። አነበበ። ፀሐይ አሳያት፤ «አይሮ» አለች። ከኋላ የቆሙት አንገታቸውን እያሰገጉ ካርዱን ያዩ ጀመር። ጎረቤትየዋ በግርማ ትከሻ ላይ አጮልቃ «እውነት ነው፣ እንደዚያ ነው የሚለው» አለች።

ከዚያ ግርማ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ሌላውን ግማሽ አነሣ። ሥዕሉ ብቻ ነው፤ ቃሉ የለበትም። ዘረጋላት።

ማዲና ሥዕሉን ወደ ፊቷ አስጠጋች። ሰማያዊዋን በር አየች፣ ዘወር ብላ እውነተኛውን በር አየች፣ ገባት። ፊቷ በራ። ጣቷን ወደ እትዬ ጥሩነሽ ቀስራ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ጥሩነሽ ቡዳ።»

አንዲት ሴት ኡኡ አለች። ከሁሉ የከፋው መልስ ነበር፤ ያው የሚፈሩትን ቃል፣ ያውም ከስሟ ጋር። አንዱ «ይኸው፣ እሷም ታውቃታለች» አለ። እትዬ ጥሩነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ማዲና ሰው ለምን እንደደነገጠ አልገባትም፤ መልሷን ያልሰማናት መስሏት ወደ በሩ ሄዳ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ «ጥሩነሽ ቡዳ» አለች ደግማ።

ግርማ ግን እጇን እያየ ነበር። እጇ ያለው ሴትዮዋ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነው። ቀስ ብሎ ክንዱን አነሣና ወደ ራሱ ክፍል አመለከተ።

«ያስ?» አላት።

ማዲና ይህን ያህል የሚያስጠይቅ ምን አለ በሚል ፊት አየችው።

«ግርማ ቡዳ» አለች።

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና አፉን ያዘ። ሌላ የሳቀ የለም። ማዲና ሳትጠየቅ ቀጠለች፤ ወተት የምታደርስባቸውን በሮች ሁሉ እያመለከተች የየባለቤቱን ስም ጠርታ ቡዳ ቡዳ እያለች ዞረች። ጎረቤትየዋ የራሷ ስም ሲደርስ መሬት መሬት አየች። ግቢው ውስጥ ቡዳ ያልተባለ አልቀረም። የግርማ ክንድ ቀስ እያለ ወረደ።

የተንቀሳቀሰችው አልማዝ ናት። ማንንም ሳትጠይቅ ሕፃኑን ታቅፋ ተነሣች፣ በሰው መሐል አልፋ እኔ ያስቆምኩት ባጃጅ ውስጥ ገባች። ተከተልኳት። ግርማም እየሮጠ ደረሰብን።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ ሕፃኑን ስታይ ጮኸችብን፤ ሰውነቱ ፈሳሽ እንደጨረሰ፣ እስካሁን ምን ስንጠብቅ እንደነበር ጠየቀችን። ጉሉኮስ ለመስጠት ደም ሥር ፈለገች፤ አጣች፤ እንደገና ፈለገች። መርፌው ሲገባ ግርማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ይሞታል ብሎ እንደሚጠብቅ ከጀርባው ያስታውቃል። ሁላችንም ጠበቅን። ብዙ ቆይቶ ሕፃኑ አለቀሰ፤ ደካማ፣ የተናደደ ልቅሶ ነበር። አልሐምዱሊላህ ብዬ እዚያው ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ግርማ ትንሽ ቆይቶ ወጥቶ ደጅ ላይ ብቻውን ሲያለቅስ አየሁት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ግቢው ተመለስን። ሰው ተበትኗል። እትዬ ጥሩነሽ ለነገ ሊጥ እያቦካች ነበር፤ ሌላ ምን ታድርግ። አልማዝ ቀጥ ብላ ወደ እሷ ሄደች። ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ስላልነበራት ይመስለኛል፣ ሕፃኑን ዘረጋችላት።

«እትዬ ጥሩ፣ ያዥልኝ፣ አልጋውን ላንጥፍ።»

እትዬ ጥሩነሽ ሊጥ የያዙ እጆቿን ወደ ጀርባዋ ወሰደች።

«ዛሬ አልይዘውም፣ አልማዝዬ» አለች። «ነገ ቢያመውስ?»

አልማዝ ሕፃኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እኔ ሰዓዳ፣ ድምፄ ከአጥር ውጭ የሚሰማው ሴት፣ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አሲያ እጇን አወጣች። ማታ አጎቷ በስልክ በራሷ ቋንቋ ሁሉንም አስረድቷታል። ዓይኗ አብጧል።

«ቲቸር፣ እኔ ከእንግዲህ ቤቴን ምን ብዬ ልጥራ?» አለችኝ።

በመምህርነት ዘመኔ ከዚያ የከበደ ጥያቄ አልተጠየቅኩም። ቃልሽ ምንም አልሆነም፣ የተሳሳተው የኔ ደንብ ነው፣ ፊደላችን ያንቺን ድምፅ አይችለውም አልኳት። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ጠራኋትና በለመደችው በላቲን ፊደል አጻፍኳት። ምላሷን እንዴት እንደምታጥፍ ለክፍሉ አሳየች። ሁላችንም፣ እኔን ጨምሮ፣ ምላሳችንን ወደ ላንቃ እያጠፍን ቤት ማለት ተማርን። የከሚሴ ምላሴ እምቢ ሲለኝ ሳቀችብኝ፤ ያን ሳቅ ሳይ ነው ትንሽ የቀለለኝ።

ዛሬ ሰመራ ነው የምኖረው፤ መምህር ለመሆን የሚማሩ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። ካርዱንም ሥዕሉንም አልተውኩም። ቃል ሲሣልና ሲነካ በልጅ ውስጥ ሥር እንደሚሰድ አሁንም አምናለሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ መምህራን ግን አንድ ነገር እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ። ልጅ አንድ ቃል ይዞ ሲመጣ ትርጉሙን ብቻ አትጠይቁት፤ ያንኑ ድምፅ ሌላ ሰው ቢሰማው ምን ይለዋል በሉት። በአንድ መንገድ ላይ ብዙ ቋንቋ በሚተላለፍበት እንደኛ ባለ አገር፣ ለአንዱ ጣሪያ የሆነ ቃል ለሌላው ዱላ ነው። ቀድሞ አላውቅም ነበር፤ ቃል ማስተማር ማለት ቃሉ የሚደርስበትን ሰውም ማወቅ ነው። ሠልጣኞቼ ይህን ስነግራቸው ይጽፋሉ። ስለ እትዬ ጥሩነሽ ስነግራቸው ግን እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ።

ወደ ሰመራ ልዛወር ስል ልሰናበታት ሄጄ ነበር። ያኔም ያችው ክፍል ውስጥ ነበረች። በዚያን ጊዜ ሕፃኑን መያዝ ጀምራለች፤ አልማዝ አንድ ቀን ሳትጠይቃት ጭኗ ላይ አስቀምጣው ነው የሄደችው። እኔ ግን ንዴቴ አልወጣልኝም ነበር። በአንድ ቃል ከተነሡብሽ ሰዎች መሐል ለምን ትኖሪያለሽ፣ አዳማ እህት እንዳለችሽ ነግረሽኛል፣ ለምን አትሄጂም ብዬ ተቆጣኋት። ሳንቡሳዋን እያገላበጠች ሰማችኝ፤ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«አዳማ ብሄድ ቃሉ ያው የድሮው ነው» አለችኝ። «ቤት የሆነበት አገር እዚህ ነው።»